ዊንዶውስ 10ን ለቃችሁ ወደ 11 ስትሄዱ፦ ሳትጭኑ የሚታየውና ከጫናችሁ በኋላ የሚያናድደው

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ የተቋረጠው በፈረንጅ ኦክቶበር 14፣ 2025 ነው፣ በኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ማለት ነው። ኮምፒውተራችሁ በዛ ምክንያት ስራ አያቆምም፣ ጠዋት ስትከፍቱት እንደወትሮው ይነሳል፣ ወርዱም ኤክሴሉም ይከፈታል፣ የቀረው ነገር ማይክሮሶፍት በየወሩ ሲልክ የነበረው የደህንነት ማስተካከያ ነው፣ አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍንላችሁ የለም። ቤት ውስጥ ፊልም ለማየት ብቻ ከሆነ እሺ ይሁን፣ ግን ቀኑን ሙሉ የሰው ፍላሽ ስትሰኩ የምትውሉ የጽህፈትና የፎቶኮፒ ቤቶች፣ የድርጅት ሂሳብ የምትሰሩ፣ የባንክ አካውንታችሁን በብራውዘር የምትከፍቱ ሰዎች እዛው መክረም አያዋጣችሁም።

ቢሆንም ቸኩላችሁ አፕግሬድ የሚለውን አትንኩ። "11 ጫንኩና ጉድ ሆንኩ" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ትንሽ ጠየቅ ጠየቅ ሳረገው ባክአፕ አልያዘም፣ ፎንቱን አላስቀመጠም፣ ኮምፒውተር ቤት ሰጥቶ "አዘምኑልኝ" ብሏል፣ እነሱ ደግሞ ፎርማት አርገውለታል። ስለዚ የዚህ ጽሁፍ ግማሹ ገና ምንም ሳትነኩ ስለምትሰሩት ነው።

ማሽናችሁ ይችላል ወይ

ስታርት ላይ ራይት ክሊክ አርጉና ሲስተም የሚለውን ክፈቱ፣ ፕሮሰሰር የሚለው መስመር ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። ኢንቴል ከሆነ ከሰረዟ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው ጀነሬሽኑን የሚናገረው፦ አይ5-6300ዩ ካለ 6ተኛ ነው፣ አይ5-8350ዩ ካለ 8ተኛ ነው፣ በ1 የሚጀምር ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አንድ ላይ አንብቧቸው፣ 10210 ማለት 10ኛ፣ 1135 ማለት 11ኛ ነው። ዊንዶውስ 11 በኢንቴል በኩል ከጥቂቶች በስተቀር 8ተኛና ከዛ በላይ ነው የሚፈልገው፣ በኤኤምዲ በኩል በአብዛኛው ራይዘን 2000 እና ከዛ በላይ። ራም ቢያንስ 4 ጊጋ ይላል፣ በ4 ጊጋ ግን ብራውዘርና ወርድ አንድ ላይ ከፍታችሁ ብትሰሩ ጨጓራ ነው የሚልጠው፣ 8 ይሁን። ሃርድ ዲስካችሁ የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት ወደ ኤስኤስዲ ቀይሩት፣ ገንዘቡን እዛ ላይ ብታወጡ ይሻላል።

አገር ቤት በብዛት የምንይዘው ሁለተኛ እጅ የመጣ ላፕቶፕ ስለሆነ ይሄ ቁጥር ስትገዙም ይጠቅማችኋል። ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 የሚባለው 6ተኛ ጀነሬሽን ነው፣ አያልፍም። ጂ5 ሲሆን በአብዛኛው 8ተኛ ነው፣ ግን ጂ5 ተብሎ ውስጡ 7ተኛ የሆነም ስላለ ክዳኑ ላይ የተለጠፈውን ስቲከር አትመኑ፣ ከፍታችሁ እዩ። ሻጩ "11 ተጭኖበታል" ካላችሁም ያው ነው፣ 11 ሲጫን ማሽኑ ይችላል ወይ ብሎ የሚያየውን ቼክ ዘለው የጫኑት ሊሆን ይችላል፣ በኋላ እመጣበታለሁ።

ሁለተኛው ቲፒኤም የሚባለው የማሽኑ የደህንነት ክፍል ነው። ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ክፈቱ፣ ዲቫይስ ሴኪዩሪቲ፣ ከዛ ሴኪዩሪቲ ፕሮሰሰር ዲቴይልስ፣ እዛ ስፔሲፊኬሽን ቨርዥን 2.0 ይላል። ምንም ካላሳያችሁ የለም ብላችሁ አትደምድሙ፣ በተለይ ዴስክቶፕ ላይ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ ሴቲንግ) ውስጥ ተዘግቶ ነው የሚመጣው፣ ኢንቴል ላይ ፒቲቲ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ተቀምጧል፣ ማብራት ብቻ ነው። ባዮስ ለመግባት ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኤችፒ ላይ ኤፍ10፣ ዴል ላይ ኤፍ2፣ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ1 ደጋግማችሁ ተጫኑ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ደረስን። ፕሮሰሰሩም ቲፒኤሙም ደህና ሆኖ "ሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልታመነ ፕሮግራም እንዳይገባ የሚከለክለው) አይደግፍም" ብሎ እምቢ ይላችኋል። ማሽኑ ይደግፋል፣ ችግሩ ድሮ ዊንዶው የጫነላችሁ ሰው ሌጋሲ በሚባለው በድሮው መንገድ ጭኖላችሁ ነው። ስታርት ላይ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ብላችሁ ፈልጉና ባዮስ ሞድ የሚለውን እዩት፣ ዩኢኤፍአይ ካለ አዲሱ መንገድ ነው፣ ጥሩ፣ ሌጋሲ ካለ ዲስካችሁ የተከፋፈለው ኤምቢአር በሚባለው በድሮው አሰራር ነው ማለት ነው፣ ጂፒቲ ወደሚባለው አዲሱ መቀየር አለበት። እዚ ጋር ባዮስ ገብታችሁ ዝም ብላችሁ ወደ ዩኢኤፍአይ እንዳትቀይሩት፣ መጀመሪያ ዲስኩ ሳይቀየር እሱን ከነካችሁ ኮምፒውተሩ የሚነሳበት ዲስክ አጣሁ ብሎ ጥቁር ስክሪን ላይ ይቆማል፣ ቢቆምም አትደንግጡ፣ ወደ ሌጋሲ ስትመልሱት ይነሳል። መቀየሪያው እዛው ዊንዶውስ ውስጥ አለ፣ ኤምቢአር2ጂፒቲ ይባላል፣ ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍታችሁ መጀመሪያ ቫሊዴት በሚለው ትፈትሹታላችሁ፣ ካለፈ ኮንቨርት ትሉታላችሁ (ዊንዶውስ ተከፍቶ እያለ ስለሆነ ሁለቱም ላይ /allowFullOS ጨምሩበት)፣ ከዛ ነው ባዮስ ገብታችሁ ወደ ዩኢኤፍአይ የምትቀይሩት። ፋይል አያጠፋም፣ ባክአፕ ግን ግድ ነው። የኛ ሰው ዲስክ ላይ ብዙ ጊዜ ቫሊዴቱ ይወድቃል፣ ምክንያቱ ደግሞ ሲ፣ ዲ፣ ኢ እያልን መከፋፈል ስለምንወድ ነው፣ መሳሪያው ከሶስት ፓርቲሽን በላይ ካለ ወይ ደግሞ ኤክስቴንድድ የሚባለው ዓይነት ካለ አይሰራም። ኢ ውስጥ ያለውን ወደ ኤክስተርናል አውጥታችሁ ፓርቲሽኑን ሰርዙና ደግማችሁ ሞክሩ።

ማሽናችሁ ጭራሽ የማያልፍ ከሆነ

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ዊንዶውስ 10 ላይ እንዳላችሁ የተራዘመውን የደህንነት አፕዴት መመዝገብ ነው፣ እስከ ኦክቶበር 13፣ 2026 ማለትም ጥቅምት 3 ቀን 2019 ድረስ የደህንነቱን ብቻ ይሰጣችኋል። ዋጋው 30 ዶላር ነው ይላል፣ ግን በማይክሮሶፍት አካውንት ገብታችሁ የሴቲንግ ባክአፑን ካበራችሁ በነፃ ነው፣ ከዚህ ሆኖ የዶላር ካርድ ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም። ቨርዥኑ 22ኤች2 መሆን አለበት፣ መመዝገቢያውም ዊንዶውስ አፕዴት የሚለው ገጽ ላይ ነው የሚወጣው። ሁለተኛው ሩፉስ (Rufus) በሚባለው ፕሮግራም ፍላሽ ሰርቶ ቼኩን ዘሎ መጫን ነው። ይሰራል፣ ብዙ ሰውም እንደዛ እየሰራ ነው፣ ማይክሮሶፍት ግን ለእንደዚህ ዓይነት ማሽን አፕዴት ዋስትና አልሰጥም ብሏል፣ በየዓመቱ የሚወጣው ትልቁ ቨርዥንም በራሱ አይመጣላችሁም፣ በየጊዜው በፍላሽ እየጫናችሁ ትኖራላችሁ። ለራሴ ቤት ላፕቶፕ አረገዋለሁ፣ ለድርጅት ማሽን ግን አልመክርም።

ከመጫናችሁ በፊት የሚያዝ

ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ዳውንሎድስ፣ ፎቶ፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል፣ ወደ ኤክስተርናል ገልብጡና አንድ ሁለት ፋይል እዛው ላይ ከፍታችሁ መከፈቱን እዩ። የሚረሱት ሌሎቹ ናቸው።

ፒችትሪ የምትጠቀሙ የሂሳብ ሰዎች የካምፓኒውን ፎልደር ኮፒ ማረግ አይበቃም፣ ፒችትሪውን ከፍታችሁ ፋይል ውስጥ ባክአፕ በሚለው አውጡት፣ መጨረሻው ፒቲቢ የሆነ ፋይል ይሰጣችኋል፣ እሱን ቢያንስ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ማስጫኛውን ሲዲ ወይ ፎልደርና ሲሪያል ነምበሩንም ፈልጋችሁ ያዙ፣ የጫነላችሁ ልጅ ስልክ ቀይሮ ሊሆን ይችላል። ብዙ የቆዩ ፕሮግራሞች ደግሞ ዶት ኔት 3.5 የሚባለውን የዊንዶውስ ተጨማሪ ክፍል ይፈልጋሉ፣ 11 ላይ ተዘግቶ ነው የሚመጣው፣ ፕሮግራሙ አልከፍት ካላችሁ ስታርት ላይ ዊንዶውስ ፊቸርስ ብላችሁ ፈልጉና እዛ ምልክት አርጉበት።

ፎንት። ይሄ የአማርኛ ጽሁፍ የሚሰራ ሰው ሁሉ ጣጣ ነው። በድሮዎቹ ዩኒኮድ ባልሆኑ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ዶክመንት ካላችሁ ፎንቱ ከጠፋ ፊደሉ ሁሉ ወደ ላቲን ዝብርቅርቅ ይለወጣል፣ ባለጉዳዩ ፊት ቆሞ ውል ልታትሙ ስትከፍቱት ዓይናችሁ እያየ ማለት ነው። ሲ ድራይቭ ውስጥ ዊንዶውስ፣ ከዛ ፎንትስ የሚለውን ፎልደር ሙሉውን ኮፒ አርጋችሁ አስቀምጡ፣ በኋላ የጎደለውን መርጣችሁ ራይት ክሊክ፣ ኢንስቶል ማለት ነው። ኒያላ የምትጠቀሙ ደግሞ ኒያላ አሁን ከዊንዶውሱ ጋር በቀጥታ አይመጣም፣ በሌለበት ወርድ ኢብሪማን ይተካበትና ፊደሉ ይነበባል ግን መስመሩ ይገፋል፣ የገጽ ቁጥሩ ይለወጣል፣ ሰንጠረዡ ይፈርሳል። መፍትሄው ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ኦፕሽናል ፊቸርስ ገብታችሁ ኢትዮፒክ ሰፕለሜንታል ፎንትስ የሚለውን መጨመር ነው፣ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ለመጻፍ አማርኛ ኪቦርዱ ዊንዶውስ ውስጥ አለ፣ ቋንቋ ላይ አማርኛን ጨምሩ፣ ዊንዶውስና ስፔስ ቁልፍን አንድ ላይ ስትጫኑ ይቀያየራል። አጻጻፉ እጃችሁ ከለመደው ካልገጠመ ኪይማን የሚባለው በነፃ ነው፣ የግዕዝ ኪቦርዶች አሉት፣ እኔ የምጠቀመው እሱን ነው።

ሌላው የቢትሎከር ነገር፣ ዲስኩን በቁልፍ የሚቆልፈው የዊንዶውስ መሳሪያ ማለት ነው። ላፕቶፓችሁ ኢንክሪፕት ተደርጎ ከሆነ ባዮስ ስትነኩ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ አምጡ ሊላችሁ ይችላል። ቁልፉ ብዙ ጊዜ ያለው ኮምፒውተሩ መጀመሪያ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው፣ አካውንቱ የናንተ ነው ወይስ ኮምፒውተር ቤት ያለው ልጅ በራሱ ኢሜል ነው የከፈተላችሁ? አሁኑኑ እዩት። የሱ ከሆነ ቁልፉን ከኮንትሮል ፓነል ላይ ባክአፕ አርጋችሁ ወረቀት ላይ አትሙት፣ ባዮስ ከመንካታችሁ በፊትም ቢትሎከሩን ሰስፔንድ አርጉት፣ ለጊዜው አቁሙት ማለት ነው።

አጫጫኑ

በቀጥታ ከዊንዶውስ አፕዴት ማውረድ ይቻላል፣ ግን በሞባይል ዳታ ፓኬጅ ከሆነ የምትሰሩት ሌላ መንገድ አለ። አይኤስኦ የሚባለው የዊንዶውስ ማስጫኛ ፋይል ከ5 ጊጋ በላይ ነው፣ ዋይፋይ ያለው ሰው ከማይክሮሶፍት ገጽ አንዴ ያውርድና ለቤቱም ለመስሪያ ቤቱም ለሁሉም ይድረስ፣ ዲስክ ላይ ካስቀመጣችሁት ደብል ክሊክ ስታረጉት እንደ ሲዲ ይከፈታል፣ ውስጡ ሴትአፕ የሚለውን ትጫናላችሁ። ልብ በሉ፣ ይሄን የምታረጉት ዊንዶውስ 10 ተከፍቶ እያለ ነው። እንደዛ ስትሄዱ "ፋይልና ፕሮግራም ይቆይ" የሚል ምርጫ ይሰጣችኋል። በፍላሽ ቡት አርጋችሁ ከገባችሁ ግን ያ ምርጫ የለም፣ እሱ እኛ ፎርማት የምንለው ነው። አንዳንዴ ምርጫው አለ ግን ደብዝዞ እምቢ ይላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ቋንቋ ነው፣ ያላችሁት ኢንግሊሽ ዩናይትድ ስቴትስ ሆኖ ያወረዳችሁት ኢንግሊሽ ኢንተርናሽናል ከሆነ አይገጥምም፣ ትክክለኛውን አውርዱ። መጀመሪያ ላይ ሴትአፑ አፕዴት ላውርድ ሲላችሁ አሁን አይሆንም በሉት፣ ዳታችሁን ይቆጥባል።

ቻርጀር ተሰክቶ፣ ባትሪ ሞልቶ ይሁን። ዴስክቶፕ ከሆነና ዩፒኤስ ከሌላችሁ ደግሞ ሰፈራችሁ መብራት በማይጠፋበት ሰዓት አርጉት፣ መሀል ላይ ቢጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ወደነበረበት ይመለሳል ግን ለምን ትሞክሩታላችሁ። ፐርሰንቱ ቆሞ ብዙ ቢቆይ፣ በተለይ የሚሽከረከረው ዲስክ ላይ፣ የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ከሆነ እየሰራ ነው፣ በፓወር ቁልፉ እንዳታጠፉት።

የግድ ፎርማት ካላችሁ ደግሞ የዋይፋይ ድራይቨሩን (ዊንዶውስ ዋይፋዩን እንዲያውቀው የሚያረገውን ፕሮግራም) አስቀድማችሁ ፍላሽ ላይ አውርዱ፣ ሆም ኤዲሽኑ ሲጫን ኢንተርኔት ካላገኘ አላስገባም ይላል፣ ዋይፋዩ ደግሞ ያለድራይቨር አይታይም። ከተያዛችሁ አንድሮይድ ስልክ በኬብል ሰክታችሁ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ አብሩ፣ ብዙ ጊዜ ያለምንም ድራይቨር ይይዛል።

ከገባችሁ በኋላ

የመጀመሪያው ቀን ማሽኑ ይንቀራፈፋል፣ ፋይል እየቆጠረ፣ አፕዴት እያወረደ ነው። ከመፍረዳችሁ በፊት ጊዜ ስጡት፣ ግን መጀመሪያ ይሄን አርጉ፦ ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ፣ የዋይፋያችሁን ስም ተጫኑና ሚተርድ ኮኔክሽን የሚለውን አብሩት፣ ዳታችሁ የተገደበ ስለሆነ ቆጥበህ ተጠቀም ማለት ነው። ሆትስፖት ከስልክ የምትሰጡ ሰዎች ይሄን ካላረጋችሁ ፓኬጃችሁን ውሃ በላው በሉት።

ከሱ ቀጥሎ ዋንድራይቭ፣ ፋይል ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጠው የማይክሮሶፍት አገልግሎት። ይሄ ነው ከሁሉም እኔን የሚያናድደኝ። በማይክሮሶፍት አካውንት ስትገቡ ዴስክቶፕና ዶክመንታችሁን ወደ ክላውድ ማንሳት ይጀምራል፣ ነፃው ቦታ 5 ጊጋ ነው፣ ይሞላል፣ ከዛ ሞላ ግዙ እያለ ይነዘንዛችኋል፣ ዳታውም በልቷል። ከታች በቀኝ ያለችውን የደመና ምልክት ተጫኑ፣ ሴቲንግ፣ ሲንክ ኤንድ ባክአፕ፣ ማኔጅ ባክአፕ፣ ሁሉንም አጥፉ። ካጠፋችሁ በኋላ ዴስክቶፑ ባዶ ሆኖ ብታዩት ፋይሉ አልጠፋም፣ ዋንድራይቭ ፎልደር ውስጥ ነው ያለው፣ ከዛ ቆርጣችሁ ወደ ቦታው መልሱት። ዋንድራይቩን አጥፍቶ ፎልደሩንም አብሮ የሚሰርዝ ሰው ነው በኋላ የሚያለቅሰው።

ስታርት መሀል ላይ መሆኑ ለሰው ሁሉ ይከብዳል፣ ማታ አዲስ ቤት ገብቶ የመብራት ማብሪያ በዳበሳ እንደመፈለግ ነው፣ እጅ ወደ ድሮው ቦታ ይሄዳል። ታስክባሩ ላይ ራይት ክሊክ፣ ታስክባር ሴቲንግስ፣ ታስክባር ቢሄቪየርስ ውስጥ አላይንመንቱን ወደ ሌፍት አርጉት፣ አለቀ። እዛው ላይ ዊጀትስ የሚለውንም አጥፉት፣ ዜናና አየር ሁኔታ ዝም ብሎ ዳታ ይበላል። የተከፈቱ ፋይሎች ስማቸው ሳይታይ አንድ አይኮን ላይ ሲከመሩባችሁ ደግሞ እዛው ኮምባይን የሚለውን ኔቨር አርጉት፣ ብዙ ኤክሴል ከፍቶ ለሚሰራ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

ራይት ክሊክ ስታረጉ ኮፒና ፔስት ወደ ትንንሽ ስዕል ተቀይረው ላይኛው መስመር ላይ ናቸው፣ ጠፉ ብላችሁ አትፈልጓቸው። የድሮውን ሙሉ ሜኑ የምትፈልጉ ሺፍት ይዛችሁ ራይት ክሊክ አርጉ።

ሰዓቱ ከተዛባ ታይም ዞኑ ውስጥ አዲስ አበባን አትፈልጉ፣ የለችም፣ ናይሮቢ የሚለው ነው የኛ። ኮምፒውተሩ በተዘጋ በተከፈተ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነና ብራውዘሩ ሁሉንም ገጽ "ደህንነቱ ያልተጠበቀ" ካለ ዊንዶውስ 11ን አትራገሙ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ አልቃለች፣ ሲአር2032 ብላችሁ ገዝታችሁ ቀይሩ።

ፕሪንተር። የቆየ ሌዘርጄት ካላችሁ ከአምራቹ ገጽ የዊንዶውስ 10 ባለ 64 ቢት ድራይቨሩን ሞክሩ፣ ብዙ ጊዜ ይሰራል። በዲፎልት የተመረጠው ፕሪንተር በራሱ እየተቀየረ ካስቸገራችሁ ፕሪንተርስ ኤንድ ስካነርስ ውስጥ "ዊንዶውስ ዲፎልት ፕሪንተሬን ያስተዳድር" የሚለውን አጥፉ። ቢሮ ውስጥ ደግሞ ከሌላ ኮምፒውተር ሼር የተደረገ ፎልደር ትናንት ይከፈት የነበረው ዛሬ እምቢ ካለ፣ 24ኤች2 ከሚባለው ቨርዥን ጀምሮ ፕሮ ላይ ያለፓስወርድ በእንግዳ መግባት ስለተዘጋ ነው። ሼር ያረገው ኮምፒውተር ላይ ፓስወርድ ያለው ዩዘር ክፈቱና በሱ ግቡ፣ ኢንተርኔት ላይ የሚነግሯችሁን ደህንነቱን የማጥፋት ዘዴ ተዉት፣ መላው ቢሮ አንድ ቫይረስ እንዲጋራ ነው የምታረጉት።

ሞክራችሁ ጭራሽ ካልተስማማችሁ ወይ ዋናው ፕሮግራማችሁ አልሰራ ካለ መመለስ ይቻላል፣ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ፣ ጎ ባክ። ጊዜው 10 ቀን ብቻ ነው፣ ፋይላችሁ ይቆያል፣ ከአፕግሬዱ በኋላ የጫናችሁት ፕሮግራም ግን ይጠፋል። በነዚህ ቀናት የወር ሂሳቡንም ዝጉበት፣ ደብዳቤም አትሙበት፣ ስካን አርጉበት፣ የምትሰሩበትን ሁሉ አንድ በአንድ ንኩት፣ ችግሩ በ15ተኛው ቀን ቢወጣ መመለሻ የለም። ሲ ድራይቭ ውስጥ ዊንዶውስ ኦልድ የሚል ትልቅ ፎልደር ታያላችሁ፣ መመለሻው እሱ ነው፣ ቦታ ያዘብኝ ብላችሁ ቀኑ ሳያልቅ እንዳታጠፉት። ሁሉም ነገር እየሰራ ከሆነ ከ10 ቀን በኋላ በራሱ ካልጠፋ ሲስተም፣ ስቶሬጅ፣ ቴምፖራሪ ፋይልስ ገብታችሁ ፕሪቪየስ ዊንዶውስ ኢንስቶሌሽን የሚለውን ምረጡና ሪሙቭ በሉት፣ ብዙ ጊጋ ይለቃል።